ስድስት ጥርስ ቀንሺ

ልጄ፣ ባለ 12 ማርሽ ታጣፊ ብስክሌት ልግዛ ወይስ ያለኝን ላሻሽል ብለሽ ጠይቀሽኛል። አትግዢ። ያለሽ ብሮምፕተን ባለ 6 ማርሽ ነው፤ ችግሩ የማርሽ ማነስ ሳይሆን የጥርስ መብዛት ነው። ከሌሊት ተራ ወጥተሽ፣ እግርሽ ዝሎ፣ የክሪስታል ፓላስን ዳገት ስትያያዢው የሚያስፈልግሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካሁኑ የቀለለ አንደኛ ማርሽ። እኔ በዚህ በለንደን ብስክሌት ስፈታና ስገጥም ነው ያረጀሁት። ወደ ሱቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ ማርሽ ጨምርልኝ ይላል፤ አንደኛውን አቅልልኝ የሚል ግን እምብዛም አላየሁም። ስለዚህ የምልሽን በተራ ስሚኝ።

1. ማርሽ አትቁጠሪ፣ እርምጃ ለኪ።

የኋላ ጎማሽን ቫልቭ ወደ መሬት አዙሪና ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጊ። ቫልቩ ዞሮ ተመልሶ ታች እስኪደርስ ብስክሌቱን ቀጥ አድርገሽ ግፊው፤ እዚያም ምልክት አድርጊ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 1 ሜትር ከ33 ሴንቲ ገደማ ታገኛለሽ። የቀረው ማካፈልና ማባዛት ነው። የፊቱ 50 ጥርስ ለኋላው 13 ሲካፈል 3.85 ይሆናል፤ በ1.33 ሲባዛ 5.12 ሜትር። አንድ ሙሉ የፔዳል ዙር ይህን ያህል ያስኬድሻል ማለት ነው፤ እርምጃ እንበለው። ካቴናው ባለ 16ቱ የኋላ ጥርስ ላይ ሲሆን ደግሞ እርምጃው 4.16 ሜትር ነው።

ከኋላው ጎማ መሐል፣ እምብርቱ ውስጥ የተሸሸጉ ሦስት ማርሾች አሉ። አንደኛው ይህን እርምጃ ወደ 0.64 እጥፍ ያሳንሰዋል፣ ሁለተኛው እንዳለ ይተወዋል፣ ሦስተኛው በ1.57 ያበዛዋል። ሁለቱን ጥርስ ከሦስቱ ጋር ስታባዢው ስድስቱ ማርሾችሽ ከታች ወደ ላይ 2.66፣ 3.27፣ 4.16፣ 5.12፣ 6.53 እና 8.03 ሜትር ይሆናሉ። ትልቁ የትንሹ 3 እጥፍ ነው። ይሄ ሰፊ ነው። ከኋላ ከ14 እስከ 28 ጥርስ የተደረደረለት ባለ 7 ማርሽ ታጣፊ በየሱቁ ታያለሽ፤ ቁጥሩ ካንቺው በአንድ ይበልጣል፣ ስፋቱ ግን 2 እጥፍ ብቻ ነው። ብሮምፕተንም ራሱ በቀላሎቹ ሞዴሎቹ ላይ የሚገጥመው ባለ 4 ማርሽ ከ11 እስከ 18 ጥርስ ነው፤ 1.64 እጥፍ ቢሆን ነው። ለሜዳ ግሩም ነው፣ ለአንቺ ሰፈር አይሆንም።

2. ዳገቱን በጉልበትሽ ሳይሆን በፔዳል ዙር አስቢው።

የደከመ ሰው ቦርሳ አንጠልጥሎ ቀጥ ያለ ዳገት ሲወጣ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው። በደቂቃ ወደ 117 ሜትር መሆኑ ነው። ለ2.66 አካፍዪው፦ 44 ዙር። በደቂቃ 44 ዙር ፔዳል መግፋት ብስክሌት መንዳት ሳይሆን ደረጃ በአንድ እግር መውጣት ነው፤ ጉልበትሽ መገጣጠሚያው ላይ የሚጠዘጥዝሽም ከዚህ የተነሣ ነው። እግር የሚወደው ከ60 ወደ ላይ ነው። እርምጃው ባጠረ ቁጥር ዙሩ ይጨምራል፣ እያንዳንዱ ግፊት ይቀላል።

አሁን ወደ ላይኛው ጫፍ እንምጣ። በ8.03 ሜትር እርምጃ በደቂቃ 80 ዙር ብትገፊ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ትበሪያለሽ። የት? በዚህ ከተማ ብዙው መንገድ ለመኪናው እንኳ በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ተገድቧል። ስድስተኛውን ማርሽ የምትነኪው ቁልቁለት ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሳትገፊም ትወርጃለሽ።

3. የፊቱን ባለ 50 ጥርስ አውጥተሽ ባለ 44 አስገቢ።

ምክሬ ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዙሪያው ነው። 6 ጥርስ ስትቀንሺ ስድስቱም ማርሾች በአንድ ጊዜ በ12 ፐርሰንት ይቀላሉ። አንደኛው ከ2.66 ወደ 2.34 ሜትር ይወርዳል፤ ያ 7 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ44 ዙር ፈንታ በ50 ዙር ይገኛል። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ዳገቱ ላይ ከመቀመጫ ተነሥቶ በመግፋትና ተቀምጦ በመግፋት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስድስተኛው ወደ 7.07 ይወርዳል፤ በ80 ዙር አሁንም ወደ 34 ኪሎ ሜትር ያስኬድሻል። ያጣሽው ነገር የለም።

ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር ተመልከቺ። የቆዩት ብሮምፕተኖች ላይ የፊቱ ጥርስና የቀኙ የፔዳል ክንድ አንድ ላይ የተጣበቁ ናቸው፤ ጥርሱን ለመለወጥ ክንዱም አብሮ ይለወጣል። በአዲሶቹ ላይ ግን ጥርሱ በአምስት ብሎን ታስሮ ታያለሽ። ያንቺ ሁለተኛ እጅ ስለሆነ ጎንበስ ብለሽ ቁጠሪ። አምስት ብሎን ካየሽ ጥርሱን ብቻ ግዢ።

ክንዱን ለማውጣት መንቀያ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። ብዙ ክንድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና ረጋ በይ። መጀመሪያ መሐሉ ላይ ያለውን ብሎን ፍቺ፤ ከሥሩ ቀለበት ካለ እሱንም አውጪ፣ ከረሳሽው መንቀያው እሱን ይገፋል። ከዚያ መንቀያው የሚጠመዘዝበትን የክንዱን ውስጠኛ ጥርስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊው። ክንዱ አልሙኒየም ነው፣ መንቀያው ብረት፤ አሸዋ በመካከላቸው ከገባ የሚሸነፈው አልሙኒየሙ ነው። መንቀያውን በጣትሽ ብቻ እያዞርሽ እስከ መጨረሻው አስገቢው። ጣት እምቢ ካለ ተጣሞ ገብቷል ማለት ነውና አውጥተሽ እንደገና ጀምሪ። ቁልፍ የምታነሺው መንቀያው ሙሉ በሙሉ ከገባ በኋላ ነው። ሲላቀቅ «ቋ» ብሎ ይጮኻል፤ አትደንግጪ።

አዲሱን ስታስሪ አምስቱን ብሎኖች በተራ ሳይሆን አንዱን እየዘለልሽ፣ በትንሽ በትንሹ አጥብቂ። አንዱን እስከ ጥግ አጥብቀሽ ወደ ቀጣዩ ከሄድሽ ጥርሱ ይጣመማል፤ ካቴናው በየዙሩ ሲወጠርና ሲላላ ታያለሽ። ሱሪ እንዳይቆሽሽ ከጎን የሚገባው ክብም በጥርሱ ልክ ስለሚሠራ ለ44 የሚሆነውን አብረሽ ጠይቂ።

4. ካቴናውንም ቀይሪ።

ጥርስ ለውጠሽ አሮጌ ካቴና አትመልሺበት። የአሮጌው ካቴና አንጓዎች ተለጥጠዋል፤ በአዲስ ጥርስ ላይ ሲያርፉ አዲሱን በራሳቸው ልክ ይፍቁታል። መለኪያ ከሌለሽ ማስመሪያ ይበቃል፦ ከአንዱ ፒን መሐል ተነሥተሽ 24 አንጓ ቁጠሪ፣ አዲስ ካቴና ላይ ይህ 305 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በ1 ሚሊ ሜትር ተኩል ካለፈ ጊዜው ደርሷል። ታጣፊ ላይ ደግሞ የኋላው ጥርስ ትንሽ ነው፤ ባለ 13 ጥርሱ ላይ እያንዳንዱ ጥርስ ደጋግሞ ስለሚያዝ ከትልቅ ብስክሌት ፈጥኖ ያልቃል። ካቴና ለውጠሽ ስትገፊ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ የኋላው ጥርስ ነው፤ እሱንም ለውጪው፣ ውድ አይደለም።

ርዝመቱን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ዘርግተሽ ለኪ። 6 ጥርስ ሲቀንስ የሚተርፈው ወደ 3 አንጓ ነው፤ ካቴና ግን የሚቆረጠው በሁለት በሁለት ስለሆነ 2 አንጓ ታወጫለሽ። የቀረውን ላላታ በምንጭ የሚሠራው ካቴና ወጣሪ ይወስደዋል።

5. ከሠራሽ በኋላ መጀመሪያ እጠፊው፣ ከዚያ ንጂው።

ይህን ብስክሌት የነደፈው አንድሩ ሪቺ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፤ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በመኖሪያ ክፍሉ ውስጥ። ስሙንም ያገኘው ከመስኮቱ ከሚታየው የብሮምፕተን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰውየው ከሁሉ አስቀድሞ ያሰበው መታጠፉን ነው፣ ማርሽ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ሲታጠፍ ልብ ብለሽ አይተሽው ከሆነ የፊቱ ጎማ ዞሮ በቀኝ በኩል፣ በካቴናው ጎን ያርፋል። ካቴናው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ስለሚደበቅ በባቡር ውስጥ የማንንም ቀሚስ አይነካም። ታጥፎ ወርዱ 27 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ስለዚህም ነው በትልቅ ብስክሌት ላይ የሚሠራ ብልሃት ሁሉ እዚህ የማይሠራው። ከኋላ ሰፊ የጥርስ ድርድር ልክተት ብትዪ የኋላው ሹካ ጠባብ ነው፣ አይቀበልሽም። ከውጭ የሚንጠለጠል ትልቅ የካቴና አዘዋዋሪ ብትሰቅዪ ሲታጠፍ የሚያርፍበት ቦታ በፊቱ ጎማ ተይዟል። ባለ 12ቱ የሚባለው ሦስቱን የእምብርት ማርሽ ከአራት የኋላ ጥርስ ጋር አጣምሮ የተሠራ ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን ከጎማው እስከ ኋላ አካሉ ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ያንቺ ላይ እናድርገው ቢሉሽ ግማሽ ብስክሌት እየገዛሽ ነው።

ባለ 44ቱ ከ50ው ስለሚያንስ መታጠፉን አይከለክልም። ቢሆንም ሦስት ጊዜ እያጠፍሽ እየዘረጋሽ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሪ፤ ካቴናው ከወጣሪው ሁለት ትንንሽ ጥቁር ክቦች እንዳልወጣ ተመልከቺ። ታጥፎ ሳለ የማርሽ ዘንጎቹን አትነካኪ። ያንቺ ኑሮ በባቡር ላይ የተመሠረተ ነው፤ በጥድፊያ ሰዓት ትልቅ ብስክሌት የማይገባበት ባቡር ውስጥ አንቺ የምትገቢው ስለሚታጠፍ ነው። መታጠፉን የሚያበላሽ ማሻሻያ ከመጣ ማንም ያምጣው፣ እንቢ በይ።

6. የእምብርቱን ማርሽ ማስተካከል ራስሽ ተማሪ።

ባለ ሦስት ማርሽ እምብርት የስተርሚ አርቸር ሥራ ነው፤ ኖቲንግሃም ውስጥ ከ1902 ጀምሮ የነበረ ስም ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ ታይዋን ተሸጠ፤ ዛሬም እዚያ ይሠራል። ለዚህ ነው መለዋወጫው አሁንም የሚገኘው። እኔ ለዚህ ዕቃ አድናቆት አለኝ። ዝናብ አያውቅም፣ ጭቃ አያውቅም፣ የሚጠይቅሽ ሽቦው በልኩ እንዲወጠርለት ብቻ ነው።

የቀኙን የማርሽ ዘንግ 2 ላይ አድርጊ፤ ፔዳሉን ግማሽ ዙር አንቀሳቅሺ። ከኋላው ጎማ በቀኝ በኩል፣ ትንሿ ሰንሰለት የምትገባበት ረዥም ዳዶ አለ፤ ጎኑ ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው ውስጥ ስታዪ ሰንሰለቷ ከቀጭን ዘንግ ጋር ተያይዛለች። ያ ዘንግ የሚወፍርበት ትከሻ ከአክሱ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ወደ ውጭ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ መውጣት የለበትም። ካልሆነ በርሜል የመሰለችውን ማስተካከያ በጣትሽ እያዞርሽ አምጪው፤ ከዚያ መቆለፊያዋን ዳዶ አጥብቂያት። ሰንሰለቷ ራሷ በጣት ብቻ እስከ ጥግ ትገባና ወደ ሽቦው አቅጣጫ እንድትዞር እስከ ግማሽ ዙር ትመለሳለች። በፒንሳ እንዳታጠብቂያት።

ይህን የማሳስብሽ ለጌጥ አይደለም። ሽቦው ከተዛባ ማርሹ በወጉ ሳይይዝ ሊለቅ ይችላል። ቆመሽ እየገፋሽ ሳለ ከለቀቀ ፔዳሉ ከእግርሽ ሥር ይጠፋል፣ አንቺም መሪው ላይ ትወድቂያለሽ። የኋላ ካላማዳሪያ ለመለጠፍ ጎማ ባወጣሽ ቁጥር ሰንሰለቷ ስለምትፈታ፣ ያኔ ሁሉ ቀዳዳውን ሳታዪ አትንጂ።

7. ስድስቱን በወጉ ተጠቀሚባቸው።

ግራው ዘንግ ካቴናውን በ13ና በ16 ጥርስ መካከል ያዘዋውራል፤ ይህ የሚሠራው ፔዳሉ ሲዞር ብቻ ነው። ቀኙ የእምብርቱ ነው፤ ቆመሽም ይቀየራል። መብራት ድንገት ይዞሽ በከባድ ማርሽ ከቆምሽ ቀኙን ወደ 1 አምጪው፣ ግራውን ከተንቀሳቀስሽ በኋላ። ዳገቱ ሥር ስትደርሺ ደግሞ ግራውን አስቀድሚ፤ እየገፋሽ፣ ካቴናው ሳይከብደው። በመካከል ላይ ከሆነ ጊዜው አልፏል። የእምብርቱን ስትቀይሪ ለቅጽበት እግርሽን አቅልዪ።

8. ጓደኛሽ ባለ 3 ማርሽ ካላት።

ለእሷም ባለ 44 ይጠቅማታል፤ አንደኛው ማርሽ ከ3.84 ወደ 3.38 ሜትር ይወርዳል። ዳገት ላይ ያለቅሳል ግን ይወጣል። ወደ 6 ላሳድገው ካለች ግን ንገሪያት፦ የሷ እምብርት ከ0.75 እስከ 1.33 ብቻ የሚዘረጋ ጠባቡ ዓይነት ነው። ሙሉ የኋላ ጎማ፣ አዲስ ወጣሪ፣ የካቴና ገፊ፣ የግራ ዘንግና ሽቦ ሁሉ ሊገዛ ነው። ሸጣ ባለ 6 ሁለተኛ እጅ ብትገዛ ይሻላታል።

9. ባለ 20 ኢንች ታጣፊ ላይ ምክሬ ይገለበጣል።

ወንድምሽ ዳሆን ወይም የሱን ቢጤ ይነዳል ብለሽኛል። የእነዚያ ጎማ ዙር ወደ 1.5 ሜትር ነው። ፊት 52፣ ኋላ ከ14 እስከ 28 ከሆነ የታችኛው እርምጃ 2.8 ሜትር አካባቢ፣ የላይኛው 5.6 ሜትር ብቻ ነው። እሱ በሜዳ ላይ በደቂቃ 80 እየዞረ ከ27 ኪሎ ሜትር አያልፍም፤ እግሩ ባዶ ይዞራል። እሱ የጎደለው ላይኛው ነው። በኋላ ከ11 የሚጀምር፣ በጥርስ የሚጠመዘዝ ባለ 7 ድርድር አለ፤ የላይኛውን ወደ 7 ሜትር ያወጣዋል፣ የታችኛው 28ም ይቀርለታል። ዘንጉንም አዘዋዋሪውንም ሳይለውጥ ማለት ነው። 34 ጥርስ ያለውን ግን አይመኝ፤ በትንሽ ጎማ ላይ ረዥሙ አዘዋዋሪ ወደ መሬት ይወርድና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ይመታዋል።

አሮጌው ድርድር ሲወጣ ይታገላል፣ ምክንያቱም በእያንዳንዱ የፔዳል ግፊት እየጠበቀ ነው የኖረው። ልኩን መፍቻ በሞርሳ ያስርና ጎማውን ራሱን እንደ መሪ ይዞ ወደ ግራ ያዙረው። በእጅ ቁልፍ አይሞክር።

10. የስዊሱን ፈጠራ አይተሽ አትጎምዢ።

ፔዳሉ መሐል የሚገጠም ሽሉምፍ የሚባል የማርሽ ሣጥን አለ፤ በተረከዝሽ ጠቅ ስታደርጊ ይቀይራል። ለእጅ ሥራው ኮፍያዬን አነሣለሁ። በዋጋው ግን ሌላ ብስክሌት ይመጣል።

ስለ ሞተርም ጠይቀሽኝ ነበር፦ ለዳገቱ ይሠራል፣ ለጣቢያው ደረጃ ግን ክብደቱን ተሸክመሽ መውጣቱ ያንቺ ነው።

11. ሱቅ ከሰጠሽው በጽሑፍ ስጪ።

«ማርሹን አሻሽሉልኝ» አትበዪ። «የፊቱ ጥርስ 44፣ አዲስ ካቴና፣ የኋላ 13ና 16 ካለቁ ይለወጡ፣ የወጣውን ዕቃ በከረጢት መልሱልኝ» ብለሽ ጻፊ። አሮጌውን ሲመልሱልሽ የካቴናውን ርዝመት ማስተያየትም፣ እውነት መለወጡን ማወቅም ትችያለሽ። ባለ 50ውን አትጣዪው፤ ብስክሌቱን የምትሸጪ ዕለት ሜዳ ሰፈር የሚኖር ገዢ ይጠይቅሻል።

12. አገር ቤት ይዘሽው የምትሄጂ ከሆነ።

አባትሽ ዘንድ፣ ባሕር ዳር፣ ስለ ማርሽ የሚያስጨንቅሽ የለም፤ ከጣና ዳር ሜዳው ላይ ስንት ዘመን በአንድ ማርሽ ተነድቷል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ከአራት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትይ መጀመሪያ የሚያጥርሽ ትንፋሽ ነው፣ ከዚያ ማርሽ። ባለ 44ቱ እዚያ ይበልጥ ይክስሻል።

መለዋወጫውን እዚያ አገኛለሁ ብለሽ አትነሺ። የብሮምፕተን ጎማ ቸርኬው 349 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው፤ 16 ኢንች ተብሎ የሚሸጠው የልጆች ጎማ ብዙ ጊዜ 305 ስለሆነ ቁጥሩ ቢመሳሰልም አይገባም። ስለዚህ አንድ ጎማ፣ ሁለት ካላማዳሪያ፣ አንድ የማርሽ ሽቦና አንዲት ትርፍ የእምብርት ሰንሰለት ያዢ። የጎማውን ዳዶ የሚፈታ ቁልፍና ካቴና መበጠሻም አትርሺ። እነዚህን ብረቶች ግን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቺ፤ በእጅሽ ከያዝሻቸው ፍተሻ ላይ ሊወስዱብሽ ይችላሉ።